ከአሮጌ ፎቶግራፍ የጦር ክፍልን ለይቶ ስለ ማወቅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ወደ መዝገብ ቤታችን መጡ። ከጀርባው በእርሳስ «ቃኘው» ተብሎ ተጽፎአል። «ልጆቼን ‹አባታችሁ ኮርያ አልዘመተም› ይሏቸዋል፤ እውነቱን ንገሩኝ» አሉን።

ጽሑፉ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ቃኘው ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ጦር ስም ነው፤ ነገር ግን በአሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የብረት ቆቡም አያረጋግጥም፤ የአሜሪካ ትጥቅ ኋላ በአገር ውስጥ ላለውም ጦር ታድሎአልና።

ስለዚህ ወደ ትከሻው ተመለከትን። ቃኘው ሻለቃ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነበር። የክፍለ ጦሩ ምልክት በቀይ ክብ ላይ ያረፈ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ ነው። ቀይና ጥቁር በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ስለሚቀራረቡ፣ ለዓይን የታየው ጠቆር ያለ ክብ ብቻ ነበር። በማጉያ መነጽር ግን ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ተገለጡ።

ምልክቱ ክፍለ ጦሩን እንጂ፣ ሰውየው ተራ በተራ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች በየትኛው እንደ ነበሩ አይናገርም። ይህንንም ሳንሸሽግ ነገርናቸው። እርሳቸውም ፎቶግራፉን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ «መዝመቱ ይበቃኛል» ብለው ሄዱ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፤ የፎቶግራፍ ጀርባ በሙጫ አይለጠፍ፣ ጠርዙም አይቆረጥ። ምስክሩ በዚያ ሊኖር ይችላልና።