የነፍሳት ደረት



ዛሬ የምነግራችሁ ከአንድ የስንዴ ፍሬ ስለሚያንስ ነገር ነው። ትንሽ ቢሆንም ማራችንንም በቆሎአችንንም ይነካል። እርሱም የነፍሳት ደረት ነው።

ነገ ጠዋት ከቀፎ ሥር የሞተች ንብ አንሡ። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ልብ ብላችሁ እዩ። ገላዋ ከሦስት የተከፈለ ነው። ከፊት ዓይንና አፍ ያለበት ራስ፣ ከኋላ መንደፊያዋ ያለበት ሆድ፣ በመካከል ደግሞ ጠጉራም ደረት አለ። እግሮቿን ቁጠሩ፤ ስድስት ናቸው። ክንፎቿን ቁጠሩ፤ አራት ናቸው። ታዲያ ከየት በቀሉ? ሁሉም የበቀሉት ከደረቷ ነው። ከሆዷ የበቀለ አንድም እግር የለም።

ደረቱም ራሱ ሦስት ቀለበት ነው። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ጥንድ እግር አለው። ክንፍ የሚበቅለው ግን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀለበት ብቻ ነው።

በደረቱ ውስጥስ ምን አለ? አብዛኛው ጡንቻ ነው። የእኛ አጥንት በውስጥ፣ ሥጋችን በውጭ ነው። በነፍሳት ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠንካራው ቅርፊት በውጭ፣ ጡንቻው በውስጥ ነው። ንብ ስትበር ጡንቻዋ ቅርፊቱን ይስበዋል፤ ቅርፊቱም ክንፏን ያርገበግበዋል። በአንድ ሴኮንድ ከ200 ጊዜ በላይ ትመታለች። ጥዝ የሚለውን ድምፅ የምንሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። በብርድ ጠዋት ደግሞ ክንፏን ሳታርገበግብ ጡንቻውን ብቻ ታንቀጠቅጣለች። በዚህ ገላዋን አሙቃ ትነሣለች።

ከላም ጡት ሥር የምትነቅሉት መዥገርስ? እርሱ ከዚህ ወገን አይደለም። ያደገ መዥገር ስምንት እግር አለው፤ ለብቻው የተለየ ደረት የለውም፤ ክንፍም የለውም። ስለዚህ መዥገር በርሮ አይመጣም። ሣር ላይ ሆኖ የሚያልፈውን ከብት ይጠብቃል።

ይህን ማወቅ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል? ጊዜውን ያውቅበታል።

የአሜሪካ ተምች የሚባለው በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገባ። ከሁሉ አብልጦ በቆሎ ይወዳል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ደግሞ የበቆሎ አገር ነው። ተምቹን ያዙና ገልብጡት። ከራሱ ቀጥሎ ሦስት ጥንድ ቀጫጭን እግሮች ታያላችሁ። ደረቱ ያ ነው። ከኋላ ያሉት ወፍራሞቹ መርገጫ ሥጋዎች ናቸው፤ ሲያድግ ይጠፋሉ። ክንፍ ገና የለውም። ስለዚህ በእጅ ተለቅሞ ይገደላል። ብዙ ገበሬም እንዲሁ አድርጓል።

ካለፈን ግን አፈር ውስጥ ገብቶ ይለወጣል። ሲወጣ ደረቱ አራት ክንፍ አብቅሏል፤ የእሳት እራት ሆኗል። በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል። ቡሬ ላይ ያለፍነው ተምች ፍኖተ ሰላም ላይ እንቁላል ሊጥል ይችላል ማለት ነው።

አንበጣም እንዲሁ ነው። ኩብኩባ ሳለ ከደረቱ ላይ ያለችው ክንፍ አጭር ጉጥ ናት፤ ይዘላል እንጂ አይበርም። ቆዳውን በጣለ ቁጥር ጉጧ ታድጋለች። በ2012 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሰፈረው የበረሃ አንበጣ ክንፉን ያወጣ ነበር። ገበሬው በጩኸትና በጅራፍ ቢያባርረው ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ በሌላው ያርፍ ነበር።

መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነ ግን ንቧን አስቡ። ተምቹን የሚገድል መርዝ ንቧንም ይገድላል። አበባ ላይ አትርጩ። የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። ንብ ላለው ጎረቤታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። የምትረጩትም ንቦቹ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን።

እንግዲህ በማሳችሁ አንድ ነፍሳት ስታገኙ ደረቱን እዩ። ክንፍ ከሌለው ገና ጊዜ አላችሁ። ክንፍ እስኪያወጣ አትጠብቁ።

ይህን ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት።