ስለ ኮምፒዩተር ዋጋ መርከስና ስለ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ክብደት የተነገረ ንግግር



በኮምፒዩተር ጽሑፍ የሚጻፍበትና የተጻፈውም የሚታረምበት ፕሮግራም ጽሑፍ ማዘጋጃ ይባላል። ሥራው ፊደል መቀበል፥ መሰረዝና ማኖር ነው። ነገር ግን ለዚሁ ሥራ አንዱ ፕሮግራም ጥቂት ሜሞሪ ሲበቃው ሌላው ከሺህ እጥፍ የበለጠ ይጠይቃል። ስለ ምን ቢባል፥ «ሜሞሪ ረክሷልና ምን ይጎዳል?» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ግማሽ እውነት ስላለበት ሊመረመር ይገባዋል።

በ1969 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፥ የሚከተሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው፥ ኬን ቶምፕሰን የተባለው አሜሪካዊ ኤድ የሚባለውን ማዘጋጃ ሲጽፍ መሣሪያው ፒዲፒ 7 ነበረ። የዚያ መሣሪያ ሜሞሪ ሁሉ ተደምሮ 18 ሺህ ባይት ያህል ብቻ ነው። የቴሌታይፕ መኪናውም በወረቀት ላይ በሰከንድ 10 ፊደል ያህል ይመታ ነበር። ስለዚህ ኤድ ሰው በተሳሳተ ጊዜ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ጽፎ ዝም ይላል፤ ስሕተቱን ፈልጎ የሚያገኘው ሰውየው ራሱ ነው። ቁጠባው ግዴታ ነበረ እንጂ ምርጫ አልነበረም።

በ1976 ኢማክስ የሚባለው ማዘጋጃ ተጀመረ። ከጊዜም በኋላ 8 ሜጋባይት ይበላል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ሜጋባይት አንድ ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። ሆኖም በ1997 የወጣው የዚሁ ማዘጋጃ 20ኛ እትም በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችል ሆነ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው ከዚያ በኋላ በ1999 ነው። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሜሞሪ እንደ ቀድሞው ውድ ሆኖ ቢቀር ኖሮ በአማርኛ መጻፍ እንደ ቅንጦት በተቆጠረ ነበር። እንግዲህ የዋጋን መርከስ በጠቅላላው መንቀፍ አይገባም።

በ1995 ግን ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው የስዊስ ሊቅ ኒክላውስ ቪርት፥ ፕሮግራሞች የሚወፍሩት በጥቅማቸው ልክ አይደለም ብሎ ጻፈ። ከባልደረባው ከዩርግ ጉትክኔኽት ጋራ ሆኖ ኦቤሮን የሚባለውን ሥርዐት ከነጽሑፍ ማዘጋጃው በትንሽ መሣሪያ ላይ ቀደም ብሎ አቁሞ ነበርና ቃሉ ባዶ አልነበረም።

በ2014 የወጣው አተም፥ በ2015ም የወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ሙሉ የድረ ገጽ ማሳያ በውስጣቸው ተሸክመው የተሠሩ ናቸው። አተም በ2022 ቀርቷል። ይህ የሆነበት ምክንያት አንድ ጊዜ የተጻፈው በዊንዶውስም፥ በማክም፥ በሊኑክስም ይሠራ ዘንድ ነው። ለሠሪው ድካም ያቃልላል፤ ለጸሐፊውም የፕሮግራሙን ስሕተት ገና ሲጻፍ ያመለክተዋል። የሰው ቀን ከሜሞሪ ዋጋ ይበልጣል የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

የዘነጉት ግን የረከሰው ለማን እንደ ሆነ ነው። ሠሪው ትልቅ መሣሪያ ይገዛል፤ ፕሮግራሙንም በዚያው ላይ ይፈትናል፤ ፈጣንም ይመስለዋል። በ2008 ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት ኤክስ ኦ የተባሉት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ሜሞሪያቸው 256 ሜጋባይት ነበረ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ግን 1 ጊጋባይት፥ ማለት አራት እጥፍ፥ እንደሚፈልግ በመመሪያው ተጽፏል። በ256 ሜጋባይት ውስጥ ከ85 ሚሊዮን የሚበልጥ የግዕዝ ፊደል ይገባል፤ ይህንንም ያህል በዕድሜው የሚጽፍ ተማሪ አይገኝም። ያ ኮምፒዩተር ለጽሑፉ አልጠበበም፤ የጠበበው ለፕሮግራሙ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ሠሪ የራሱ ፕሮግራም በመሣሪያው ላይ ብቻውን የሚኖር አድርጎ ስለሚያስብ፥ ሦስቱና አራቱ ባንድነት ሲከፈቱ መሣሪያው ይንፏቀቃል።

ስለዚህ መምህሩ ማዘጋጃ ከመምረጡ በፊት በትምህርት ቤቱ ካሉት ኮምፒዩተሮች ደካማውን ከፍቶ በእርሱ ላይ ይሞክር። ሜሞሪ ላነሰው መሣሪያ ናኖና ቪም ይበቁታል፤ ቪምም በ2001 ከወጣው 6ኛ እትሙ ጀምሮ ዩኒኮድን ያነባል። ነገር ግን የግዕዝ ፎንት በመሣሪያው ላይ መኖሩ አስቀድሞ ይታይ፤ ከሌለ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ብቻ ይወጣልና።