ወረቀት ሰጥታችሁ አትለፉ

የተከበሩ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ለማየት ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዕለቱ ባለቤት የሆናችሁ ተመራቂዎች፣

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ ከመምህራኑ ፈተና በተጨማሪ የመውጫ ፈተናውንም አልፎ ነው ጋዎን የሚለብሰው። ስለ ትጋት የምነግራችሁ የለኝም፤ በእናንተ ላይ አይቼዋለሁ። በሰው ሀብት ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ፣ የተሰጠኝን ጥቂት ደቂቃ ስለሚጠብቃችሁ ሥራ ፍለጋ፣ በተለይም ስለ ሥራ ዐውደ ርዕይ ላውለው።

በአገራችን ሥራ የሚገኝባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንዱ ማስታወቂያ ነው። ከእናንተ በፊት የነበሩት አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው፣ ማስታወቂያውን በማስታወሻ እየገለበጡ ሥራ ፈልገዋል፤ ዛሬ ያ ፍለጋ በአብዛኛው ቴሌግራም ላይ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሰው ነው፤ አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ «እዚያ መሥሪያ ቤት የማውቀው አለ» የሚል ጎረቤት። ከገጠር ወረዳ መጥታችሁ ከቤታችሁ የመጀመሪያ ተመራቂ የሆናችሁ ልጆች ይህ ሁለተኛው መንገድ የላችሁም። ዛሬ አብዝቼ የማስበው ስለ እናንተ ነው። የሥራ ዐውደ ርዕይን የምወደውም በእናንተ ምክንያት ነው። በዚያ ቀን «ቀጠሮ አለህ ወይ?» ብሎ በር ላይ የሚያስቆማችሁ የለም። ቀጣሪው ራሱ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ስሙን ሰቅሎ እናንተን ይጠብቃል። ያለ አስተዋዋቂ ትተዋወቁታላችሁ።

ታዲያ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጬ የማየው ሌላ ነው። ብዙዎች ይመጣሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲቪያቸውን ያስቀምጣሉ፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳሉ። ሲመሽ ከፊቴ የወረቀት ክምር አለ፤ የአንዱን ባለቤት መልክ እንኳ አላስታውስም። ወረቀት ለመስጠት ብቻ ከሆነማ በኢሜይልም ይደርሰኝ ነበር፤ የታክሲውም ገንዘብ ባልወጣ።

ምክንያቱ ይገባኛል። «ጨዋ ልጅ በትልቅ ፊት ቀድሞ አይናገርም» ተብለን አድገናል። ያንን አክብሮት ጣሉት አልላችሁም። «እርስዎ» እያሉ መጠየቅም አክብሮት ነው፤ የሰውየውን ሥራ ከልብ ለማወቅ መፈለግ ደግሞ ከዝምታ የበለጠ ያስከብራል።

አንዲት የኬሚስትሪ ተመራቂ የምሠራበት የመጠጥ ፋብሪካ ጠረጴዛ ጋ መጥታ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ስሟን ነገረችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በውኃ ጥራት ላይ ነው። እናንተ ጋ ውኃው የሚመረመረው እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ነው ወይስ ናሙናው ውጭ ይላካል?» መልሱን በደንብ ስለማላውቀው አብሮኝ የነበረውን የላቦራቶሪ ኃላፊ ጠራሁላት። ሁለቱ ቆመው ሲያወሩ እኔ ሌሎችን ማስተናገድ ቀጠልኩ። በዚያን ቀን ክፍት ቦታ አልነበረንም፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ። ከወራት በኋላ ግን ላቦራቶሪው ሰው ሲፈልግ ኃላፊው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ያቺ ስለ ውኃው የጠየቀችው ልጅ ስልኳ አለ?» አለኝ። እንዳመለከቱት ሁሉ ተፈተነች፣ አለፈች፣ ገባች። ፈተናውን ያለፈችው በራሷ ዕውቀት ነው፤ ለፈተናው እንድትታወስ ያደረጋት ግን ያ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ድንገት የመጣላት አይደለም። ከመምጣቷ በፊት ምን እንደምናመርት አንብባለች።

እናንተም እንደዚያ አድርጉ። የሚሳተፉት ድርጅቶች ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ ይወጣል። ሁሉንም ለማዳረስ አትሩጡ፤ አራት ወይም አምስት ምረጡና ምን እንደሚሠሩ፣ ቅርንጫፋቸው የት እንዳለ እወቁ። ስትመርጡም የትምህርት ክፍላችሁን ስም ብቻ አትፈልጉ። የመድን ድርጅት የተጋጨ መኪና ጉዳት የሚገምትለት የሜካኒካል መሐንዲስ ያስፈልገዋል። ለገበሬ የሚያበድር ማይክሮፋይናንስ የግብርና ምሩቅ ይፈልጋል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ የልብስ ፋብሪካ ከስፌቱ ሌላ የሒሳብ ሠራተኛም፣ የዕቃ ግዥና ማጓጓዝ የሚከታተልም ሰው አለው። «የእኔ መስክ የለም» ብለው አዳራሹን አንድ ጊዜ ዞረው የወጡ ስንት ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

«ክፍት ቦታ አለ?» የሚለው ጥያቄ «የለም» ከተባለ እዚያው ያልቃል። ይልቅ ዜሮ ዓመት ልምድ ያላቸውን መቼ እንደሚቀጥሩ ጠይቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የብዙ ድርጅቶች የቅጥር ዕቅድም ከበጀት ጋር የተያያዘ ነው። ጊዜውን ያወቀ ሰው ማመልከቻውን በሰዓቱ ያስገባል። ፈተናው በጽሑፍ ይሁን በቃል፣ አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የት እንደሚመደብ ጠይቁ። በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ እኛም ይደክመናል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። አጭር ይሁን፤ ስማችሁ ዲግሪው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ስልኩ የሚሠራ ይሁን። ኦርጅናል ማስረጃችሁን ለማንም አትተዉ፤ ኮፒ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሥራ ፈላጊ በሚበዛበት ቦታ አታላይም አይጠፋም። «ለምዝገባ»፣ «ለሥልጠና» እያለ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው ራቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ አይቀበልም። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ እንደሌለበትም እወቁ፤ ሥራ ስታገኙ የቅጥር ውሉን በጽሑፍ ጠይቁ፣ አንብባችሁም ፈርሙ።

ከአዳራሹ ስትወጡ፣ ሳትረሱት፣ ከማን ጋር እንዳወራችሁና ምን እንደነገራችሁ በማስታወሻ ያዙ። አድራሻ ለሰጣችሁ ሰው በማግስቱ ወይም በሠልስቱ አጭር መልእክት ላኩለት፤ የት እንደተገናኛችሁና ስለ ምን እንዳወራችሁ አስታውሱት። መልስ ቢዘገይ በየቀኑ አትደውሉ፤ ማስታወቂያ ሲወጣ ግን ቀድማችሁ አመልክቱ።

እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ከዐውደ ርዕይ ሲመለስ «ተቀጠርክ?» ብላችሁ አትቀበሉት። በአንድ ቀን የሚቀጠር ጥቂት ነው። «ከማን ጋር ተዋወቅህ? ምን ነገሩህ?» በሉት። ለሚቀጥለው ጊዜ ብርታት የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ትልልቆቹ ዐውደ ርዕዮች የሚዘጋጁት በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ከዚህ ለሚሄድ ልጅ መሳፈሪያውና ማደሪያው ቀላል አይደለም፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ይቀርበታል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ከምረቃ በፊት ቀጣሪዎችን ወደ ግቢው እንዲጠራ አደራ እላለሁ። ከኃላፊዎቼ ጋር ተነጋግሬበት ነው የመጣሁት፤ የምሠራበት ፋብሪካ የላቦራቶሪውንና የማምረቻውን ኃላፊዎች ይዞ ይመጣል። ለመጣ ተማሪ ሁሉ፣ የምንቀጥረውም ሆነ የማንቀጥረው፣ መልስ ሰጥተን እንሄዳለን።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።