ያለ ፓስፖርት መርከብ ላይ መውጣት ይቻላል ወይ?

(በቂርያት ጋት፣ በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሰነድ ነው። «ለወረቀት ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ያስፈልገዋል። በዚህ ዓመት ደጋግሞ የመጣብን ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ከሀይፋ በመርከብ ወደ ቆጵሮስና ወደ ግሪክ ደሴቶች ልንሄድ ነው፤ የእማዬ ፓስፖርት ጊዜው አልፏል፤ በተዑዳት ዘሁት መሳፈር ትችላለች ወይ?»

መልሱን ከአሁኑ እንናገር። አትችልም። ተዑዳት ዘሁት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የልጆች ስም ያለበት ስፋህ፣ እነዚህ ሁሉ አገር ውስጥ ይሠራሉ። በአውሮፕላን ወደ ኤላት ብንሄድ ተዑዳት ዘሁት ይበቃናል። መርከቡ ግን ከሀይፋ ወጥቶ ሌላ አገር ወደብ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ሽርሽር ነው ብሎ የሚያልፈን የለም። ከአገር መውጣት ነው። የእስራኤል ዜጋ ከአገር የሚወጣውም የሚመለሰውም በእስራኤል ፓስፖርት ነው፤ ወይም መንግሥት በፓስፖርት ፋንታ በሚሰጠው የጉዞ ሰነድ፣ ተዑዳት መአቫር በሚባለው። ይህን ሰነድ የያዘ ሰውም፣ የሚሄድበት አገር ይቀበለው እንደሆነና ቪዛ ይጠይቀው እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

ታዲያ «ያለ ፓስፖርት ይቻላል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? አንዱ መንገድ አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችን ነው። እውነታቸውን ነው፣ እዚያ ይቻላል። ከ2009 ጀምሮ በሚሠራው ደንብ፣ መርከቡ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ በዙሪያው ያሉ አገሮችን አዳርሶ እዚያው ወደብ የሚመለስ ከሆነ፣ የአሜሪካ ዜጋ በልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶ ባለው የመንግሥት መታወቂያ መሳፈር ይችላል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የልደት ወረቀቱ ብቻ ይበቃል። ለእነሱም ቢሆን አደጋ አለው፤ አንዱ በመንገድ ታምሞ ቢወርድ ወይም መርከቡ ጥሎት ቢሄድ፣ ያለ ፓስፖርት በአውሮፕላን ወደ ቤቱ መመለስ ይቸግረዋል። ለማንኛውም ያ ደንብ የአሜሪካ ነው። ሀይፋ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው መንገድ ከራሳችን ታሪክ ነው። ወላጆቻችን እኮ መርከብ ላይ የወጡት ያለ ምንም ወረቀት ነበር። ከ1981 ጀምሮ በሱዳን ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ የመዝናኛ መንደር በሚመስለው በአሩስ አካባቢ፣ ወገኖቻችን በሌሊት በጎማ ጀልባ እየተጫኑ ወደ እስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ይወሰዱ ነበር። በኅዳር 1984 በተጀመረው በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ሰው በአውሮፕላን መጣ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ በ36 ሰዓት ያህል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሣ፣ ብዙዎቹ የያዙት መታወቂያ ግንባራቸው ላይ የተለጠፈ ቁጥር ብቻ ነበር። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ውስጥ የቀሩት 4,000 ያህል ናቸው ይባላል፤ ለብዙዎቹ የሞት ወረቀት እንኳ የላቸውም።

ይህን ያነሣነው በምክንያት ነው። ከእኛው ቤተሰቦች አንዱ ልጅም የልጅ ልጅም ተሰብስቦ ለሴት አያታቸው የመርከብ ሽርሽር ደገሰላቸው። የልጆቹ ፓስፖርት ሁሉ ታይቷል። የእሳቸው መሳቢያ ውስጥ ስለነበር «አለ» ተብሎ ታለፈ። ወደብ ላይ ሲከፈት ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ሌላው ተሳፈረ፤ እሳቸው ከአንዲት ልጃቸው ጋር ወደ ቂርያት ጋት ተመለሱ። ገንዘቡም አልተመለሰም። በመንገድ ላይ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በዚያን ጊዜ በሌሊት ሲጭኑኝ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም፤ ዛሬ በቀን፣ በገዛ አገሬ መለሱኝ።»

ወደብ ላይ የነበረችው ሠራተኛ የሠራችው ሕጉን ነው። ግን የእኒህ እናት ቃል ቀላል አይደለም። እኛ ወጣቶች ስልክ ስንገዛላቸው፣ ልደት ስናከብርላቸው፣ ያንን መሳቢያ ከፍቶ ማየት ለምን የማንም ሥራ ሳይሆን ቀረ?

መሳቢያው ሲከፈት ደግሞ ከፓስፖርቱ ቀን ሌላም ይገኛል። የመጀመሪያው ስም ነው። በአገር ቤት ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረም። እዚህ ሲደረስ አንዱ የአባቱን፣ ወንድሙ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ተመዘገበ፤ ብዙዎች የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ስም ሦስት ዓይነት ይሆናል። መርከብ ላይ ግን በቲኬቱና በፓስፖርቱ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። ብዙ ወላጆቻችን ዓመቱ ብቻ ተጽፎ በቀኑና በወሩ ቦታ ዜሮ አለባቸው፤ ሌሎቹ ጥር 1 ቀን ተብለዋል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ ሲቀየር የተሳሳተም አለ። በኢንተርኔት ቲኬት ሲሞላ ማሽኑ ዜሮውን አልቀበልም ይላል። ያን ጊዜ ከራስ ቀን ፈጥሮ መሙላት አይገባም፤ ወደ ጉዞ ወኪሉ ደውሎ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው እንዲመዘግብ መጠየቅ ነው። የዕድሜው ስሕተት ትልቅ ከሆነ ጉዳዩ ከሽርሽር ያልፋል፤ የቢቱዋህ ሌኡሚን የእርጅና ጡረታ ይነካል። በ1963 የወጣ የዕድሜ መወሰኛ ሕግ ስላለ በፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል፤ ጠበቃ አማክሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቲኬት ከመግዛታችን በፊት የሁሉንም ፓስፖርት እንክፈት። የአዋቂ ፓስፖርት እስከ 10 ዓመት፣ የልጅ ደግሞ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የልጆች ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ጊዜው አለማለፉ ብቻ አይበቃም። ግሪክን ጨምሮ የሸንገን አገሮች ፓስፖርቱ ከአገራቸው ከምንወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የቀረው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ስድስት ወር የሚሉ የጉዞ ድርጅቶች ስላሉ፣ ስድስቱን ይዘን ብንቆጥር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቶር ቶሎ እንያዝ። በ2022 እና በ2023 በሚስራድ ሃፕኒም ለፓስፖርት ቶር ወራት ይጠበቅ እንደነበር አንረሳም። ባዮሜትሪክ ስለሆነ ፎቶና አሻራ መስጠት ካስፈለገ ባለቤቱ ራሱ መሄድ አለበት። ልጅ ቶሩን በስልክ ይይዛል፤ ቀርቦ ግን ለእናቱ መፈረም አይችልም፤ አብሮ ይሂድ።

አራተኛ፣ በሆጻአ ላፖዓል ዕዳ ያለበት ሰው ከአገር የመውጣት እገዳ ተጥሎበት እንደሆነ አስቀድሞ ያጣራ። በሠራዊት ያሉ ልጆቻችንም ያለ ፈቃድ መውጣት እንደማይችሉ ያውቃሉ፤ ፈቃዱን በጊዜ ይጠይቁ።

አምስተኛ፣ ልጅ ከአንድ ወላጅ ወይም ከአያት ጋር የሚጓዝ ከሆነና የቤተሰብ ስማቸው የሚለያይ ከሆነ፣ የልደት ወረቀቱንና የሌላውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ከጭንቀት ያድናል።

ወላጆቻችን፣ እናንተንም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ወረቀታችሁን ለማሳየት አትፈሩን። ዕብራይስጡን ማንበብ አለመቻል ነውር አይደለም። እናንተ በተራራና በበረሃ ያለ ወረቀት ያሻገራችሁን ልጆች ነን፤ ወረቀቱን ማንበብ የእኛ ድርሻ ነው።

ወጣቶች ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት ስጡ። ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ ጋር ቁጭ በሉ፣ ፓስፖርቱን፣ ተዑዳት ዘሁቱን፣ የአሊያውን ወረቀት አውጡ፣ ቀኑንና የስሙን ፊደል በደብተር ጻፉ። እግረ መንገዳችሁን ይህ ስም እንዴት እንደተሰጣቸው ጠይቁ። ያላጠራችሁት ነገር ካለ ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።