የቀለብ ፍርድና የከፋዩ አቅም



ፍቺ ባልና ሚስትን ይለያያል እንጂ ወላጅንና ልጅን አያፋታም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ መሠረት ይዘዋል። ቀለብ ማለትም እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መጠለያው፣ ልብሱ፣ የጤናና የትምህርት ወጪው ሁሉ በውስጡ ይጠቃለላል። ፍርድ ቤት ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ዘንድ እንደሚኖሩና በምን እንደሚተዳደሩ አብሮ እንዲወስን ሕጉ ማዘዙም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የቀለቡ ልክ የሚቆረጠው በሁለት ሚዛን ነው፤ አንደኛው የጠያቂው ችግር፣ ሁለተኛው የሰጪው አቅም ነው። በችሎት ግን ሁለተኛው ሚዛን ብዙ ጊዜ ጎድሎ ይቀርባል። ከፋዩ ደመወዝተኛ የሆነ እንደሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ይመጣል፤ የነጋዴው፣ የደላላውና የቀን ሠራተኛው ገቢ ግን የሚታወቀው በግምት ነው። ግምቱ ዝቅ ካለ ልጁ ይጎዳል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ፍርዱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል፣ በወር 9,000 ብር የሚያገኝ አንድ ሾፌር ለልጁ በወር 3,000 ብር እንዲከፍል ተፈረደበት እንበል። የሚነዳው መኪና ተሸጠና ሥራውን አጣ። ሰውየው አፍሮ ዝም ይላል፤ «ሥራ ሳገኝ እከፍላለሁ» ሲል ስድስት ወር ያልፋል። በዚህ መካከል እናትየዋ ከጎረቤት ተበድራ የትምህርት ቤቱን ትከፍላለች፤ ብድሩ ሲበዛ ወደ አፈጻጸም ችሎት ትሄዳለች። አባትየው የሚቀርበው የ18,000 ብር ውዝፍ ተሸክሞ ነው። የአፈጻጸም ችሎት ፍርዱን ያስፈጽማል እንጂ እንደ አዲስ አይመረምርም። «የለኝም» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም የተነገረው ዘግይቶና ከማይገባው ስፍራ ነው።

መድኃኒቱ በሕጉ ውስጥ አለ። የቀለብ ፍርድ እንደሌላው ፍርድ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም፤ የከፋዩ አቅም ወይም የተቀባዩ ችግር በተለወጠ ጊዜ ከሁለት ወገን በአንዱ ጥያቄ ሊሻሻል ይችላል። ጠበቃ ፍርዱን ለደንበኛው በሚያስረክብበት ቀን ሊነግረው የሚገባው ይኸንን ነው፤ ደንበኛው መምጣት ያለበት ሥራውን ባጣበት ሳምንት እንጂ መጥሪያ በደረሰው ቀን አይደለም። እስከዚያውም ከ3,000 ብሩ 500ውን እንኳ በደረሰኝ ይክፈል። የእናትየው ጠበቃም የኑሮ ውድነት ቀለቡን በበላው ጊዜ ጭማሪ መጠየቅን አይዘንጋ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቀለብ የሚከለክለውን የሚቀጣው ያለበቂ ምክንያት ሲከለክል ነው። ይህ ሐረግ እምቢ ያለውን ካጣው ይለያል። ይሁን እንጂ ማጣት በማስረጃ ይታያል እንጂ በአፍ ብቻ አይበቃም። ገንዘቡን በዘመድ ስም ደብቆ ድኻ ነኝ የሚል አባት የሚጎዳው ልጁን ብቻ አይደለም፤ በእውነት ያጡትንም አባቶች ተአማኒነት ያሳጣል።

በመጨረሻም ቀለብ የልጁ መብት ነው። «ያልከፈለ አይጎብኝ፣ ያልጎበኘ አይክፈል» የሚል የወላጆች ንግድ ሊደረግበት አይገባም። ስለሆነም ዳኛው አቅምን አጣርቶ ቢቆርጥ፣ ጠበቃው በጊዜ ቢመክር፣ የቀለብ መዝገብም ረጅም ቀጠሮ ባይሰጠው ይበጃል፤ ልጁ ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ በየዕለቱ መብላት አለበትና።