ኤላ የሚያውቅ ሰው ሐይቅ ሲጎበኝ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ ስለ ሐይቆችና በሐይቅ ዳር ስለሚደረግ ሽርሽር ነው። በሞያሌ ቆሞ ስለ ሐይቅ መናገር ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ነገር ሳይሆንበት አይቀርም። ጄሪካን ተይዞ ወረፋ በሚጠበቅበት አገር ስለ ዋናና ስለ ጀልባ የሚያወራ ምን ነክቶት ነው ይባል ይሆናል። እኛ ግን ስለ ውኃ ለመናገር ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ውኃ ለማግኘት የደከመ ሰው ነው ብለን እናምናለን።

ደግሞም ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል። በሚመጣው ዓመት ከመካከላችን ፈተናውን ያለፉት ወደ ሐዋሳ፥ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎችም ከተሞች ለከፍተኛ ትምህርት ይሄዳሉ። በዕረፍት ቀን የከተማ ጓደኞቻቸው «ሐይቅ ዳር እንውጣ» ማለታቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት እንግዶች ሆነን እንደምንገኝ ከዛሬ ጀምረን ልናስብበት ይገባናል።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንመልስ። ሽርሽር ሥራ ፈትነት ነውን? ወላጆቻችን መጽሐፉን አስቀምጦ የሚዞረውን ልጅ ቢቈጡ አይፈረድባቸውም። ትምህርት የሚገዛው በብዙ ድካም ነውና። ነገር ግን ዓይኑን ከፍቶ የሚዞር ሰው ከመጽሐፍ ያላገኘውን የሚያገኝበት ጊዜ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ቀን አስተያየት ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል ለዓለም አስረዱ። በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈው ሰው ብዙ ነበር፤ ያየውን የጠየቀው ግን አንድ ሰው ሆነ። እንግዲህ እኛ የምንደግፈው ሽርሽር ይህን የመሰለውን፥ ሰውነትን የሚያሳርፍና አእምሮን የሚያነቃውን ነው።

አሁን በሐሳብ መኪና ላይ ተሳፍረን ከሞያሌ ወደ ሰሜን እንጓዝ። መጋን ካለፍን በኋላ ዱብሉቅ ሳንደርስ፥ ከዋናው መንገድ ወደ ጎን ገባ ብሎ፥ ኤል ሶድ ይገኛል። ሰዎች «ጨው ቤት» ይሉታል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ሐይቁ በገደል መካከል እንደ ተቀመጠ ጥቁር መስተዋት ይታየዋል። ሰዎች ወደ ውኃው ገብተው ጥቁሩን ጭቃ መሰል ጨው ከሥሩ ያወጣሉ፤ አህዮችም ተጭነው ያን አድካሚ ዳገት ይወጣሉ። ከዚያ አልፈን ወደ ያቤሎ ስንቃረብ፥ በዓለም ላይ ከዚህ ከቦረና ምድር በቀር በሌላ ቦታ የማትገኝ ግራጫ ቁራ በግራር ዛፎች ላይ ትታያለች። ሊቃውንት እርስዋን ለማየት ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ፤ እኛ ግን በየቀኑ እያየናት እናልፋለን።

ሐዋሳ ስንደርስ የሐይቅ አገር ይጀምራል። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ነገር ግን ውኃው ጨው አይደለም፥ ዓሣውም ብዙ ነው። ከሻሸመኔ በላይ ደግሞ ሻላ፥ አብያታና ላንጋኖ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጎረቤቶች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሲሆን አብያታ ግን ጥልቀት የሌለውና ጨዋማ ነው። ላንጋኖ ቡናማ መልክ ያለው፥ የአዲስ አበባ ሰዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ለዋና የሚሄዱበት ሐይቅ ነው። ዝዋይ ጥልቀቱ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በደሴቶቹ ላይ ጥንታዊ ገዳም ይዟል። ቀጥሎ የምናገኘው ቆቃ የተፈጥሮ ሐይቅ ሳይሆን በ1952 ዓ.ም. ሥራው የተመረቀው የአዋሽ ግድብ ያቆረው ውኃ ነው።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስንርቅ ቢሾፍቱ እንደርሳለን። ቢሾፍቱ፥ ሆራ፥ ባቦጋያና ኩሪፍቱ የሚባሉት ሐይቆች በከተማው ዙሪያ ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተፈጠሩት ከምድር በታች የሚነሣው የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በመፈንዳቱ ነው። ፍንዳታው ጕድጓዱን ቈፈረ፥ ውኃውም ሞላው። የእኛም ኤል ሶድ የተፈጠረው በዚሁ ዓይነት ነው። ስለዚህ ቢሾፍቱና ኤል ሶድ በተፈጥሮ ወንድማማች ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በአንደኛው ዳር ሆቴል ተሠርቶ ሙዚቃ ይሰማል፤ በሁለተኛው ዳር አህያ ይጫናል። ይህን የምንናገረው የከተማውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ውኃ ለሌላው እንጀራ መሆኑን ማንም ጎብኚ እንዳይረሳው ነው። ወደ ኤል ሶድ የሚሄድ ሰውም የሠራተኞቹን ድካም እንደ ትርዒት ሊመለከት አይገባውም፤ ሰላምታ ሰጥቶ፥ ፈቃድ ጠይቆ፥ መንገድ ለቆ ይለፍ።

ለዋና የሚሄዱትን ጓደኞቻችንን አንድ ነገር እንመክራለን። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው፤ እንደዚህ ያሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ከዳር ጥቂት እርምጃ እንደ ገቡ ወዲያው ገደል ይሆናሉ። እኛ የቆላ ልጆች ደግሞ አብዛኞቻችን ዋና አናውቅም። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የማያውቁትን እናውቃለን ብሎ በጓደኛ ፊት መዝለል ነው። እንደዚሁም እንደ ዝዋይና እንደ ሐዋሳ ባሉት ሐይቆች ቢልሃርዚያ ስለሚገኝ፥ የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ ወደ ውኃ መግባት አይገባም።

ክቡራን ሆይ፥ ወደ ዋናው ሐሳባችን ደረስን። ሐይቅ ትልቅ ስለ ሆነ አያልቅም የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ስሕተት መሆኑን ግን አገራችን ራስዋ አስተምራናለች። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ደርቆ ሜዳ ሆነ። ውኃው ለመስኖና ለከተማ ያለ ልክ ተቀዳ፥ ከተራቈተው ኮረብታም አፈር እየታጠበ ገባበት። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የጠፋበት ምክንያት ሊረሳ አይገባውም። የአብያታም ነገር እንደዚሁ ነው። ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ አብያታን ይመግበዋል። በላይ በኩል ለመስኖ፥ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ሲወሰድ አብያታ ወደ ኋላ ሸሸ፥ ጨውነቱም በረታ። ዓሣውም አለቀ። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ከአብያታ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግባቸውን አጡ። ከላይ የቀዳው ሰው ከታች ያለውን አላሰበውምና።

እንግዲህ ይህን የሚያስተካክል ሕግ ከየት ይገኛል? እኛ ሩቅ ሳንሄድ በቤታችን ይገኛል እንላለን። የቦረና አባቶች ዘጠኙ ቱላ የተባሉትን ጥልቅ ኤላዎች ከጥንት ጀምረው ጠብቀው አቆይተዋል። ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፥ በዜማ እየተቀባበሉ፥ ውኃውን ከጕድጓዱ እስከ ገንዳው ያደርሱታል። ተራውን የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው። ባለ ብዙ ከብት ቢሆን ባለ ጥቂት፥ ተራው ሳይደርስ አያጠጣም። ኤላው ሲጠረግ ሁሉም ይሠራል፤ የተጠማ መንገደኛ ግን የሚጠጣውን አይከለከልም። በኦሪት ዘፍጥረትም የያዕቆብ ታሪክ ውስጥ፥ መንጎች ሁሉ እስኪሰበሰቡ ድረስ ድንጋዩን ከጕድጓዱ አፍ ስለማያነሡ እረኞች ተምረናል። ጥበቡ አንድ ነው፤ ውኃ ከሁሉ በፊት ሥርዓትን ይፈልጋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ቤተሰብ ከብቱን አጣ። የመከራው ብርታት ከሥርዓቱ በላይ በሆነበት ጊዜ እንኳ ሰዎች ያላቸውን ውኃ ተካፍለው ጠጡ። ይህን ያየ ልጅ በሐይቅ ዳር የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሎ ቢሄድ፥ ወይም ሳሙናውን በውኃው ውስጥ ቢያጥብ፥ አሳዳጊዎቹን ያሳፍራል። ስለዚህ ወደ ከተማ የምትሄዱ ጓደኞቻችን የአባ ሄሬጋን ሥርዓት ይዛችሁ ሂዱ። «እኛ ከውኃ አጠገብ ቆሻሻ አንጥልም» ብላችሁ በትሕትና ተናገሩ። ውኃ ማስተዳደርን፥ ዓሣ ማርባትን፥ የምድርን ጥናት የምትማሩም ብትኖሩ፥ ትምህርታችሁ ለአብያታም ለዱብሉቅም ይድረስ።

በመጨረሻም ሁለት ልመና አለን። መምህራኖቻችንን፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ቀን ወደ ኤል ሶድ ወይም ወደ ቱላ ኤላዎች እየሄዱ በዓይናቸው አይተው፥ ጠይቀው፥ ጽፈው እንዲመለሱ አድርጉልን እንላለን። ወላጆቻችንን ደግሞ፥ በዚያን ቀን ወንዶቹን ብቻ ሳይሆን ሴቶች ልጆቻችሁንም ፍቀዱላቸው እንላለን። በየቤቱ ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና፥ ውኃ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚጠበቅ ለመማር ከማንም በኋላ ሊሰለፉ አይገባቸውም።

እግዚአብሔር ዝናሙን በወቅቱ ይስጠን፤ ትምህርት ቤታችንንም ለብዙ ዘመን ያቆይልን።