ማን ይቀድማል? ስለ ሂውስተን ሮኬትስ ሴንተሮች
(በተማሪዎች የስፖርት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ወደዚህ መድረክ ያወጣኝ ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤታችን የተነሣ ክርክር ነው። ነገሩም በአሜሪካ አገር ሂውስተን ሮኬትስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ከተቋቋመ ጀምሮ ካሰለፋቸው ሴንተሮች ማን ይበልጣል የሚል ነበር። በአንደኛው ላይ ብዙ ሳንጣላ ተስማማን። በሁለተኛው ላይ ግን መብራት እስኪጠፋ ድረስ ተጯጯህን። እኔም የተሸነፍኩ ስለ መሰለኝ፥ በጩኸት ያጣሁትን በንግግር ላስመልስ ብዬ መጥቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ጨዋታውን ለማያዘወትሩ፥ ሴንተር ማለት ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳስ የሚቀበል፥ ስቶ የነጠረውን ኳስ፥ ማለት እኛ በሜዳ ላይ ሪባውንድ የምንለውን፥ የሚለቅም፥ በመከላከልም ጊዜ ወደ ቅርጫቱ የሚመጣውን ሁሉ የሚያግድ ተጫዋች ነው። እኔ ራሴ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅም በመሆኔ ብቻ «አንተ ሂድና ከቅርጫቱ ሥር ቁም» ተባልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆምኩ። ኳስ ማንጠር ያስተማረኝ፥ እግሬን እንዴት እንደማዞር ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ ቁመቱ ይበቃዋል ተብሎ ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ የምሰጠው ፍርድ ከዚህ ቂም ፈጽሞ ነጻ ነው ብዬ አልምልም።

ቡድኑ በ1967 በሳን ዲዬጎ ተቋቁሞ በ1971 ወደ ሂውስተን ተዛወረ። የሳን ዲዬጎውን ዘመን በዝምታ አልፈዋለሁ። ለውድድር የማቀርባቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ በቁመት ብንሰልፋቸው ያኦ ሚንግ 2 ሜትር ከ29፥ ራልፍ ሳምፕሰን 2 ሜትር ከ24፥ ሀኪም ኦላጁዎን 2 ሜትር ከ13፥ ሞሰስ ማሎን 2 ሜትር ከ8 ይሆናሉ። የእኔ ተራ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለቱ አጭሮች (አጭር ማለት ከተቻለ) ከሁለቱ ረጅሞች በላይ ይቀመጣሉ።

ሳምፕሰን አራተኛ ነው። በ1983 ከአዲሶቹ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ፥ በመጀመሪያ ዓመቱም የአዲስ ተጫዋቾች ሽልማት ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ኦላጁዎን ሲመጣ ግን ሳምፕሰን ወደ ጎን ወጥቶ ተሰለፈ፤ ስለዚህ የሴንተርነት ዘመኑ አጭር ነው። በመጋቢት 1986 በቦስተን ሜዳ በጀርባው ወደቀ። ከሁለት ወር በኋላ ሎስ አንጀለስ ሌከርስን አንዲት ሴኮንድ ስትቀር በአየር ላይ ተጠማዞ በወረወራት ኳስ ከውድድር አስወጣ። ያችን ኳስ ያየ ሰው እሱን አራተኛ ማድረግ ይከብደዋል፤ እኔንም ከብዶኛል። ነገር ግን ጉልበቱ ከዳው፥ በታኅሣሥ 1987ም ወደ ሌላ ቡድን ተላለፈ።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ፤ ያኦ ወይስ ሞሰስ?

ወዳጄ ለያኦ የተከራከረው እንዲህ ብሎ ነው። ያኦ በ2002 ከሻንሃይ መጣ፥ ለሂውስተን በጨዋታ በአማካይ 19 ነጥብ አገባ፥ ያን የሚያህል ቁመት ይዞ ከመቶ የፋውል ምት 83ቱን አያስትም ነበር። እግሩ ባይሰበር ኖሮ ማንም አይደርስበትም ነበር። ሊጉ በሚዘጋባቸው ወራት እንኳ ሳያርፍ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ይጫወት ነበር፤ አጥንቱ ቢደክም ጥፋቱ የእሱ ነውን? በ2011 ጨዋታ ያቆመው ወዶ አይደለም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ሊቆጠርበት አይገባም።

እኔም አልቆጥርበትም። እንዲያውም መዝገቡን ስመለከት ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ያኦ በመደበኛው ውድድር ለሂውስተን 486 ጊዜ ተጫወተ፤ ሞሰስ ግን 464 ጊዜ ብቻ ነው። የተሰበረው ሰው ካልተሰበረው የበለጠ ተጫውቷል ማለት ነው! እንግዲያስ ክርክሩ ስለ ዕድሜ ሳይሆን በተጫወቱባቸው ቀኖች ስለ ተሠራው ሥራ ነው። ያኦ ተሰልፎ ቡድኑ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው ጥሎ ማለፍ አንድ ዙር ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በ2009 ፖርትላንድን። በ2008 ቡድኑ 12 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ሳለ ያኦ ተጎዳ፤ በቦታው የ41 ዓመቱ ኮንጎአዊ ዲኬምቤ ሙቶምቦ ቆመና ቡድኑ ሌላ 10 ጨምሮ 22 አደረሰ።

ሞሰስን ስናይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ይህ ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ በ1974 ደመወዝተኛ ተጫዋች ሆነ፥ በ1976 ወደ ሂውስተን መጣ። ከፍ ብሎ የሚዘል አልነበረም፤ የወረወረው ሲስት ራሱ ያነሣዋል፥ እንደገና ሲስት እንደገና ያነሣዋል። በ1978–79 በተቃራኒው ቅርጫት ሥር ብቻ 587 የነጠሩ ኳሶች ለቀመ፤ እስከ ዛሬ በዚህ ሊግ የደረሰበት የለም። በ1979ና በ1982 የዓመቱ ኮከብ ተባለ። በ1981 ከግማሽ በላይ የተሸነፈውን፥ ማለት 40 አሸንፎ 42 የተረታውን ቡድን ተሸክሞ እስከ ፍጻሜው ጨዋታ አደረሰ። በ1982 ወደ ፊላዴልፊያ በተላለፈ ጊዜ ምን ሆነ? ባለፈው ዓመት 46 ጊዜ ያሸነፈው ቡድን 14 ጊዜ ብቻ አሸነፈ። ሌሎቹም ተጫዋቾች አርጅተው ነበር ብትሉኝ አልክድም፤ ነገር ግን ከ46 ወደ 14 መውረድን እርጅና ብቻ አያመጣውም። ሞሰስ በዚያው ዓመት ከፊላዴልፊያ ጋራ ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚህ ሁለተኛ ሞሰስ፥ ሦስተኛ ያኦ።

ስለ አንደኛው ብዙ መናገር አያስፈልግም ብዬ ነበር፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሀኪም ኦላጁዎን በ1963 በሌጎስ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የእግር ኳስ ጎል ጠባቂና የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው ዘግይቶ ነው። ለሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ይጫወት በነበረበት ጊዜ በከተማው ፎንዴ በተባለ የሕዝብ ጂምናዚየም እየሄደ የሚገጥመው ማንን ይመስላችኋል? ሞሰስን ነው። ሁለተኛው አንደኛውን በክርን እየደሰቀ አስተማረው። በ1984 ሂውስተን በመጀመሪያ ተራ መረጠው፤ ማይክል ጆርዳን በዚያ ዓመት ሦስተኛ ነበር፥ ሂውስተንንም በዚህ የሚወቅስ ሰው ገና አላገኘሁም።

ተቃራኒው ሴንተር ኦላጁዎንን ወደ ቀኝ ይሄዳል ሲል ወደ ግራ ዞሯል፤ ወደ ግራ ሲከተለው ኳሷ ከእጁ ወጥታለች። ይህ የእግር ሥራ ከጎል ጠባቂነት የመጣ ነው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። በእኛ ቋንቋ ስሙ ሀኪም ቢሆንም ለገጠሙት ሰዎች መድኃኒት አልነበረውም። በ1994 የዓመቱን ኮከብነት፥ የምርጥ ተከላካይነትንና የፍጻሜውን ምርጥነት በአንድ የውድድር ዘመን ሰብስቦ ወሰደ፤ ሦስቱን በአንድነት ያገኘ ሌላ ሰው የለም። በዚያ ፍጻሜ፥ በስድስተኛው ጨዋታ ማብቂያ ላይ የኒው ዮርኩ ጆን ስታርክስ የወረወራትን ኳስ በጣቶቹ ጫፍ ባይነካት ዋንጫው ይሄድ ነበር። በ1995 የረመዳን ጾም በውድድሩ መካከል ሲውል፥ ቀን ውሃ ሳይቀምስ እየተጫወተ የወሩ ምርጥ ተባለ። ጾም የምታውቁ ሁሉ ይህን በቁጥር አትለኩትም። በዚያው ዓመት የኮከብነቱ ሽልማት ለሳን አንቶኒዮው ዴቪድ ሮቢንሰን ተሰጠ፤ ሽልማቱን በሜዳው ላይ ተቀብሎ ሲጨርስ ኦላጁዎን 41 ነጥብ አገባበት። ቡድኑም ዋንጫውን ደገመው።

የተወረወሩ ኳሶችን በማምከን 3,830 የሚል ቁጥር በስሙ ተጽፏል፤ ቁጥሩ መመዝገብ የጀመረው በ1973 ስለ ሆነ የቀደሙትን እነ ቢል ራስልን አይጨምርም። ሁለተኛው ሙቶምቦ ነው። ሁለቱም የአፍሪካ ልጆች፥ ሁለቱም የሂውስተንን ማሊያ የለበሱ።

ከኋላ የመኝታ ቤት ወዳጄ እጁን አንሥቷል፤ ወረቀትም ይዟል። ያኦን በተመለከተ አዲስ ቁጥር አግኝቶ ይሆናል፤ እኔ ወርጄ እሱ ይውጣ።